ባልዲ ያዳናት የጦር መርከብ

ዛሬ ስለ አንዲት የጦር መርከብ ላወጋችሁ ነው። ከእናንተ መካከል ባሕር አይቶ የማያውቅ ብዙ ሰው እንደሚኖር እገምታለሁ፤ እኔም ብሆን ያየሁት ባሕር የጅቡቲ ወደብ ብቻ ነው። ነገር ግን የምነግራችሁ ነገር የባሕር ነገር ብቻ አይደለምና፣ ተማሪም ብትሆኑ፣ ከፋይልና ከማኅተም ጋር ስትታገሉ የምትውሉ የመንግሥት ሠራተኛም ብትሆኑ፣ እስከ መጨረሻው ብትከተሉኝ የሚጠቅማችሁ ይመስለኛል። ዘመኑን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የእኛን በምጠቅስበት ጊዜ ለይቼ አመለክታለሁ።

መርከቢቱ «ዩ ኤስ ኤስ ኮል» ትባላለች። የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ስትሆን ዓይነቷ «ዴስትሮየር» ነው፤ ይኸውም «አጥፊ» ማለት ነው። ስሙ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ታሪኩን ለመረዳት ስለሚያግዝ፣ ጥቂት ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የባሕር ኃያላን መንግሥታት አንድ ትልቅ ጭንቀት ያዛቸው። በውሃ ውስጥ የሚሄድ ቶርፒዶ የተባለ ፈንጂ ተፈልስፎ ነበርና፣ ይህንኑ የያዘች አንዲት ትንሽ ፈጣን ጀልባ በጨለማ ተጠግታ፣ እጅግ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበትን ግዙፍ መርከብ ልታሰምጠው ቻለች። እንግሊዞች ለዚህ መድኃኒት ይሆናል ብለው በ1893 «ሃቮክ» የተባለች፣ 240 ቶን ያህል የምትመዝን ፈጣን መርከብ ባሕር ላይ አወረዱ። ሥራዋ እነዚያን ትንንሽ ጀልባዎች እያሳደደች ማጥፋት ነበር። ስለዚህም የዚህ ዓይነቷ መርከብ ሙሉ ስም «የቶርፒዶ ጀልባ አጥፊ» ተባለ። ውሎ አድሮ ስሙ አጠረና «አጥፊ» ብቻ ሆኖ ቀረ። እንግዲህ ይህ የመርከብ ዓይነት መጀመሪያ የተፈጠረው ትልቁን ከትንሽ ጀልባ ለመጠበቅ መሆኑን ልብ አድርጉልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ኮል ግን ከዚያች ከጥንቷ እናቷ ጋር የምትመሳሰለው በስም ብቻ ነው። በሚሲሲፒ፣ በፓስካጉላ ከተማ በሚገኘው በኢንጋልስ የመርከብ መሥሪያ ተሠርታ በፌብሩዋሪ 1995 ውሃ ላይ ወረደች፤ ጁን 8 ቀን 1996 በሥነ ሥርዓት አገልግሎት ጀመረች። ርዝመቷ 154 ሜትር፣ ክብደቷ 8,400 ቶን ያህል ነው። አራት የጋዝ ተርባይን ሞተሮቿ አንድ ላይ 100,000 የፈረስ ጉልበት ስላላቸው፣ ይህን ሁሉ ብረት ተሸክማ በሰዓት ከ55 ኪሎ ሜትር በላይ ትሮጣለች። ራዳሯ በሰማይ የሚመጣውን ነገር ሁሉ፣ ከመቶ በላይ ቢሆንም እንኳ፣ በአንድ ጊዜ ለይቶ ይከታተላል። ሚሳይል የሚወነጨፍባቸው 90 ጉድጓዶች አሏት። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሱት ግን 300 የማይሞሉ ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም ትምህርት ቤት ከለቀቁ ብዙ ያልቆዩ ወጣቶች ናቸው።

ስሟን ያገኘችው ከአንድ የሃምሳ አለቃ ነው። ዳሬል ኮል የሚዙሪ ተወላጅ ሲሆን፣ በባሕር ወለድ ጦር ውስጥ በተቀጠረ ጊዜ የተሰጠው ሥራ መለከት መንፋት ነበር። እርሱ ግን መትረየስ ተኳሽ ለመሆን አመለከተ። መለከት ነፊ አንሷልና አይቻልም ተባለ። ማመልከቻ አስገብቶ «አይቻልም» የተባለ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል! ኮል ግን አላኮረፈም። በጓዳልካናል ደሴት ጦርነት ላይ ተኳሽ ሲጎድል ተክቶ ተዋጋ፤ በሳይፓን የጓዱ መሪ ሲሞት፣ ራሱ ቆስሎ ሳለ፣ አመራሩን ያዘ። በመጨረሻም ልመናው ተፈቀደለት። ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1945 በኢዎ ጂማ ደሴት ወገኖቹ ከምሽግ በሚወርድ ጥይት በታገዱ ጊዜ፣ አንድ ሽጉጥና አንድ የእጅ ቦምብ ይዞ ብቻውን ወጣ። ቦምብ ለመጨመር ሁለት ጊዜ እየተመለሰ ምሽጉን ዝም አሰኘው። ወደ ጓደኞቹ ሲመለስ ግን በጠላት ቦምብ ወደቀ። አገሩ ከሞተ በኋላ ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳይ ሰጠችው። መለከት ንፋ የተባለ ሰው የጎደለውን ሁሉ እየሞላ መኖሩን ያዙልኝ፤ ስሙን የወረሰችው መርከብ ታሪክም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ኮል በኦገስት 2000 ከመኖሪያ ወደቧ ከኖርፎክ ተነሥታ፣ ሜዲትራኒያንን አቋርጣ፣ በስዊዝ ቦይ አልፋ ቀይ ባሕርን ወረደች። የምትሄደው ወደ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ ነበር፤ በዚያም የተባበሩት መንግሥታት በኢራቅ ላይ የጣለውን ማዕቀብ ከሚያስከብሩት መርከቦች ጋር ልትሰለፍ ነበር። መንገዱ ረጅም ነውና ነዳጅ ለመቅዳት ወደ ኤደን ጎራ አለች። ኤደን ለእኛ ሰው እንግዳ ስም አይደለም፤ የአያቶቻችን ቡናና ቆዳ ባሕሩን ተሻግሮ የሚያርፍበት ገበያ ነበረ። የአሜሪካ መርከቦች ቀድሞ በዚህ አካባቢ ነዳጅ የሚቀዱት ከእኛው ጎረቤት ከጅቡቲ ሲሆን፣ በ1999 ግን ወደ ኤደን ዞረው ነበር።

ዕለቱ ሐሙስ ነበረ። በእኛ ጥቅምት 2 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ በእነርሱ ኦክቶበር 12 ቀን 2000 መሆኑ ነው። መርከቢቱ በወደቡ መካከል ባለው የነዳጅ መቅጃ ታስራ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ መቅዳት ጀመረች። ቆሻሻ የሚወስዱ ትንንሽ ጀልባዎች ይመላለሱ ስለ ነበር፣ ሁለት ሰዎች የተቀመጡባት አንዲት ነጭ ጀልባ ወደ ጎኗ ስትጠጋ ከእነርሱ አንዷ መሰለች። ሰዎቹም ፈገግ ብለው እጃቸውን ለሰላምታ አወዛወዙ። ከ5 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ሲሆን ጀልባዋ ፈነዳች።

የመርከቢቱ ግራ ጎን፣ ከመካከሉ ላይ፣ 12 ሜትር በ18 ሜትር ያህል ተቀደደ። ፍንዳታው ያገኘው ወጥ ቤቱንና መመገቢያውን ነበር፤ ብዙዎችም ለምሳ ተሰልፈው ነበር። 17 ሰዎች ሞቱ፤ ሁለቱ ሴቶች ነበሩ። ታናሽየው 19 ዓመት፣ ታላቅየው 35 ዓመት ነበረ። 37 ሰዎች ቆሰሉ። ከቁስለኞቹ የባሰባቸውን 11 ሰዎች ፈረንሳዮች በአውሮፕላን ወስደው ጅቡቲ በሚገኘው የጦር ሆስፒታላቸው አከሟቸው።

ጥቃቱን ያደረሰው አልቃኢዳ የተባለው ድርጅት ነበር። ይባስ ብሎ፣ ይህ የመጀመሪያው ሙከራ እንዳልነበረ በኋላ ታወቀ። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 3 ቀን በዚያው ወደብ «ዘ ሱሊቫንስ» የተባለችውን ሌላ ዴስትሮየር ለመምታት ፈንጂ የጫነች ጀልባ ተነሥታ ነበር፤ ነገር ግን ጭነቱ በዝቶባት ገና ሳትጠጋ ሰመጠች። ማንም ያየ፣ ማንም የሰማ አልነበረም። እንግዲህ አስቀድሜ ልብ አድርጉልኝ ያልኋችሁን አስታውሱ። ከትንሽ ጀልባ ለመጠበቅ ተብሎ የተፈጠረው የመርከብ ዓይነት፣ መቶ ዓመት ሙሉ እያደገ፣ ሰማዩን ሁሉ የሚያይ ዓይን ካወጣ በኋላ፣ እጇን እያወዛወዘች በመጣች ትንሽ ጀልባ ተመታ።

ብዙ ሰው የኮልን ታሪክ እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ይበልጥብኛል።

ነገሩን በደንብ ለመረዳት ብዬ በሰፈሬ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄድኩ። በወጣትነታቸው ምፅዋ በንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ውስጥ መካኒክ ሆነው ያገለገሉ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ መርከብ ሲመታ በውስጡ ያሉት ሰዎች ምን ያደርጋሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «መርከብ ላይ ከመተኮስ አስቀድመህ የምትማረው ውሃ ሲገባ ምን እንደምታደርግ ነው። ወጥ ቤቱም ይማረዋል፤ ጸሐፊውም ይማረዋል። ዓይንህን በጨርቅ አስረው ከታችኛው ክፍል በዳሰሳ እንድትወጣ ያደርጉሃል። ቀዳዳ የሚደፈንበት እንጨት፣ ሽብልቅ፣ መዶሻ የት እንደ ተቀመጠ በእንቅልፍህ ሳይቀር ታውቀዋለህ።»

«በዚህ ኮምፒዩተር በሞላበት ዘመን እንጨት ምን ይሠራል?» ስላቸው ሳቁብኝ። «መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩ ቀድሞህ ይሞታል። እንጨቱ ግን እንደ ተቀመጠ ይጠብቅሃል።»

በኮል ላይ የሆነው ልክ ይኸው ነበር። አንደኛው የሞተር ክፍል በውሃ ተሞላ። መብራት ጠፋ፤ ትእዛዝ የሚተላለፍበት መሣሪያ ዝም አለ። መተላለፊያው በጢስና በፈሰሰ ነዳጅ ተሞላ። መርከቢቱ ወደ ግራ አዘመመች። ነገር ግን እነዚያ ወጣቶች የሚሠሩትን ለማወቅ ሰው አልጠበቁም። ገሚሶቹ ቁስለኞችን ከተጣመመ ብረት ውስጥ እያወጡ ወደ ላይ ተሸከሙ፤ ገሚሶቹ ወደ ታች ወርደው በሮችን ዘጉ፣ ግድግዳዎችን በእንጨት ደገፉ፣ ፓምፕ አስነሡ። ትእዛዙ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። አለቃው በሞተበት ቦታ ከእርሱ በታች ያለው ተተካ።

ችግሩም በዚያ ቀን አላበቃም። በሁለተኛው ሌሊት፣ ድካም ሁሉንም በጣለበት ሰዓት፣ የፕሮፔለሩ ዘንግ በሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ለቀቀና ውሃ ወደ ሁለተኛው የሞተር ክፍል መግባት ጀመረ። ጄኔሬተሩ ቆመ። ሁለተኛው ክፍል ከሞላ መርከቢቱ የመስመጧ ነገር አጠራጣሪ አልነበረም። ይህን ጊዜ መርከበኞቹ በጨለማ ተሰልፈው ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ውሃውን ቀዱ። የፓምፑን ቱቦ የሚያወጡበት መንገድ ቢያጡ፣ የገዛ መርከባቸውን ጎን ከውሃው መስመር በላይ ቀደው አወጡት። የመቶ ሺህ ፈረስ ጉልበት ባለቤት የሆነችውን መርከብ በዚያች ሌሊት ያቆያት የባልዲ ሰልፍ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በጥቃቱ ማግስት ማርልቦሮ የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ለርዳታ ደርሳ ነበር፤ ሌላዋ የእንግሊዝ መርከብ ካምበርላንድና ዶናልድ ኩክና ሃውስ የተባሉት የአሜሪካ መርከቦችም ምግብ፣ መሣሪያና ሰው ይዘው መጡ። የኮል ሰዎች በሙቀት ውስጥ ሰገነቱ ላይ እየተኙ፣ በየጠዋቱ ባንዲራቸውን እየሰቀሉ፣ የጓደኞቻቸውን ሬሳ ከፍርስራሹ ውስጥ እየፈለጉ ሰነበቱ። መርከቢቱም ሳትሰምጥ ቀረች።

ኦክቶበር 29 ቀን ከወደቡ ተጎትታ ወጣች፤ ስትወጣም የአገሯ ብሔራዊ መዝሙር በድምፅ ማጉያ ይሰማ ነበር። ውጭ ባሕር ላይ የምትጠብቃት ብሉ ማርሊን የተባለች የኖርዌይ መርከብ ነበረች። ይህች መርከብ ሌላ መርከብ በጀርባዋ ታዝላለች። ሆዷን በውሃ ሞልታ ጀርባዋን ታሰምጠዋለች፤ የተጎዳችው መርከብ ተንሳፍፋ በላይዋ ትቆማለች፤ ከዚያ ውሃውን ታስወጣና እንደ እናት አዝላ ብድግ ትላለች። በዚህ ዓይነት ኮል አፍሪካን በደቡብ በኩል ዞራ፣ በዲሴምበር 2000 ወደ ተወለደችበት ወደ ፓስካጉላ ተመለሰች።

ለጥገናው ከ550 ቶን በላይ ብረት ተቀየረ፤ 250 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጣ። ተመልሳ ውሃ ላይ የወረደችው ሴፕቴምበር 14 ቀን 2001 ነው፤ ኒውዮርክና ዋሽንግተን በተመቱ በሦስተኛው ቀን መሆኑ ነው። በኤፕሪል 2002 ወደ ኖርፎክ ገባች። በኖቬምበር 2003 እንደገና ወደ ሩቅ ባሕር ተሰማራች። በ2008 በሊባኖስ አቅራቢያ ቆመች። በ2017 መጀመሪያ ላይ አንድ የሳዑዲ የጦር መርከብ በየመን አጠገብ በጀልባ በተመታ ጊዜ፣ ወደ ባብ ኤል መንደብ የተላከችው ይህችው ኮል ነበረች። ኦክቶበር 1 ቀን 2024 ደግሞ ኢራን በእስራኤል ላይ ሚሳይል ባዘነበች ጊዜ፣ ኮልና በልክሊ የተባለች እኅቷ ከሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ሆነው ወደ ሚሳይሎቹ ተኩሰዋል። የተሠራችበትን ሥራ በትክክል የሠራችው በዚያች ሌሊት ነው ማለት ይቻላል፤ እርሱም ከ24 ዓመት በፊት የባልዲው ሰልፍ ባይኖር ኖሮ አይሆንም ነበር።

ስለ ኃላፊነትም አንድ ቃል መናገር ይገባኛል። የባሕር ኃይሉ ምርመራ በመርከቢቱ ላይ ሊፈጸሙ ከሚገባቸው የጥበቃ መመሪያዎች ያልተፈጸሙ እንደ ነበሩ አገኘ፤ ነገር ግን ሁሉም ቢፈጸሙ እንኳ ጥቃቱ ይቀር ነበር ለማለት እንደማይቻል አስታውቆ፣ በጃንዋሪ 2001 ማንም እንዳይቀጣ ተወሰነ። የሆነ ሆኖ የመርከቢቱ አዛዥ ኮማንደር ከርክ ሊፖልድ የሚጠብቁትን የማዕረግ ዕድገት ሳያገኙ በ2007 ጡረታ ወጡ። መርከባቸውን ያተረፉ ሰው ናቸው፤ መርከባቸው በእጃቸው ሳለች የተመታችባቸውም ሰው ናቸው። ሁለቱም እውነት ነው። በኃላፊነት ወንበር ላይ መቀመጥ ማለት ሁለቱንም አብሮ መሸከም ይመስለኛል።

አሁን ወደ እኛው ልመለስ። አንድ የማውቀው መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ አንድ ጠዋት፣ በመዝገብ ቤቱ ጣሪያ በኩል የሚያልፈው የውሃ ቧንቧ ፈነዳ። ውሃው በፋይሎቹ ላይ ይወርዳል። እኔም በሥራ ጉዳይ ሄጄ በኮሪደሩ ቆሜ አየሁ። አንዱ «የጥገና ክፍል ይጠራ» አለ። ሁለተኛው «ደብዳቤ ካልተጻፈላቸው አይመጡም» አለ። ሦስተኛው ቁልፉ የማን እንደ ሆነ ይጠይቃል። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ሲባል፣ አንዲት የፅዳት ሠራተኛ ከደጅ መጥተው፣ ማንንም ሳያናግሩ፣ ወደ ጓሮ ዞረው ዋናውን የውሃ መዝጊያ ዘጉት። ከዚያም ባልዲያቸውን አምጥተው መቅዳት ጀመሩ። መዝጊያው የት እንዳለ በዚያ ቤት የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

ከረጠቡት ፋይሎች መካከል የጡረተኞች ማኅደር ነበረበት። በኋላ አንድ ሽማግሌ የሠላሳ ዓመት አገልግሎታቸውን እንደገና በማስረጃ እንዲያስረዱ ተጠይቀው፣ ከክፍለ ሀገር አዲስ አበባ ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሱ አውቃለሁ። በዚያች ሩብ ሰዓት የጠፋው የእርሳቸው ዕድሜ ነበር።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ የኮል መርከበኞች ከእኛ የተለየ ፍጥረት አልነበሩም። አብዛኞቹ በእናንተ ዕድሜ ያሉ፣ በዝቅተኛ ደመወዝ የሚሠሩ፣ ደብዳቤ ከቤት የሚናፍቁ ልጆች ነበሩ። ልዩነቱ በአንድ ነገር ነው። ክፉ ቀን ከመምጣቱ በፊት፣ አሰልቺ በሆኑ ብዙ ቀናት ውስጥ፣ ከተመደቡበት ሥራ ውጭ ያለውን ሥራ ተምረዋል። ምግብ አብሳዩ ቀዳዳ መድፈን ያውቃል፤ ጸሐፊው ቁስል ማሰር ያውቃል። ስለዚህ ቀኑ በደረሰ ጊዜ «ይህ የማን ክፍል ነው?» የሚል ድምፅ አልተሰማም።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ ወይም ትምህርት ቤት ስትደርሱ፣ የውሃው መዝጊያና የመብራቱ ማጥፊያ የት እንዳለ ጠይቁ። ጎረቤታችሁ የሚሠራውን ሥራ ጥቂት ጥቂት ልመዱ፤ እርሱ የታመመ ቀን ባለ ጉዳይ ደጅ ቆሞ እንዳይውል። ለዚህ የሚጨመር ደመወዝ እንደሌለ አውቃለሁ። ኮል ላይም አልነበረም።

በመርከቢቱ ውስጥ፣ ፍንዳታው በደረሰበት በመመገቢያው አካባቢ ባለው መተላለፊያ ወለል ላይ፣ 17 ከዋክብት ተቀርጸዋል። ለእያንዳንዱ ለሞተ ሰው አንድ ኮከብ ነው። ዛሬ በዚያች መርከብ ላይ የሚያገለግሉት ወጣቶች ብዙዎቹ አደጋው በደረሰ ጊዜ ገና አልተወለዱም ነበር፤ ነገር ግን ምሳቸውን ሊበሉ ሲሄዱ በዚያ ያልፋሉ።